ከታይሻን ስትወርዱ ሥሩን አስቆርጡት

ስለ ታይሻን ተራራ ሲነሳ የሄደም ያልሄደም የሚያወራው ስለ ደረጃው ነው። ደረጃው እርግጥ ጉልበት ይፈትናል፤ ከስድስት ሺህ በላይ ነው። ተራራው በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ከታይአን ከተማ ራስጌ፣ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የዳኦ እምነት ከሚያከብራቸው አምስት ታላላቅ ተራሮች የምሥራቁ እሱ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1987 መዝግቦታል። ይህን ማንኛውም አስጎብኚ ይነግራችኋል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ሰዉ ጫፍ ላይ ፎቶ ተነስቶ ሲወርድ በመንገዱ ዳር የተዘረጋውን ሥራ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። የሚያየውም ብዙ ጊዜ ተታልሎ ይሄዳል።

የአካባቢው ሰዎች ከተራራው ዕፅዋት አራቱን ያስበልጣሉ። ዚጻኦ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሥር ነው፤ በዘይት ነክረው ለቃጠሎ ይቀቡታል። ስዬሼን ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል፣ ሾርባ ውስጥም ይገባል። ሁዋንግጂንግ ዘጠኝ ጊዜ በእንፋሎት በስሎ ዘጠኝ ጊዜ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጠቁሮ ሲወጣ እንደ ተምር ይጣፍጣል፤ የዳኦ መነኮሳት እህል በሚተዉበት ወቅት የሚበሉት እሱን ነበር። አራተኛው ሄሾውዉ ነው። የኔም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሄሾውዉ ሐረግ ነው፤ የሚፈለገው ከመሬት በታች ያለው ድቡልቡል ሥሩ ነው። በታንግ ዘመን የኖረው ሊ አኦ የተባለ ጸሐፊ፣ ይህን ሥር በልተው ልጅ ስለ ወለዱና እስከ እርጅናቸው ጠጉራቸው ስላልሸበተ ሰዎች ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሽበት የጀመረው ሁሉ ይፈልገዋል። ሥሩ ብዙ ዘመን ከቆየ የሰው መልክ ያወጣል የሚል እምነትም አብሮ ሥር ሰደደ፤ ነጋዴው የያዘው እሱን ነው።

አንዴ ደረጃው መሀል ያገኘሁት ሻጭ ወንድና ሴት የመሰሉ ሁለት ሥሮች አቀረበልኝ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ሆድ ላይ የተጣመረ እጅ፣ ምን የቀረ ነገር አለ! አናታቸው ላይ የሐረግ ቅጠል በቅሏል። «ሺህ ዓመት ኖረዋል» አለኝ። አንዱን ቁረጥልኝ ስለው «ከተቆረጠ ኃይሉ ይወጣል» ብሎ ሸፈነው። እኔ ግን ቀደም ብዬ ታችኛውን ጫፍ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌው ነበር፤ ውስጡ ነጭ፣ ሙልጭልጭ የሚል ነበር። የእኛ ደቡብና ምዕራብ ሰው ቦዬ የሚለው ዓይነት ሥር ነው። ገና ለጋ ሳለ ፎርማ ውስጥ አስገብተው መሬት ይቀብሩታል፤ ሲያድግ ፎርማውን ይሞላና አሻንጉሊት ሆኖ ይወጣል። የሐረጉ ቅጠል በኋላ የሚሰካ ነው።

እውነተኛው ሄሾውዉ መልከ ጥፉ ነው። ቆዳው ቀላ ያለ ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ጎባጣ ነው። ውበቱ የሚታየው አግድም ሲቆረጥ ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትንንሽ ክቦች ተደርድረው ይታያሉ። ቻይናውያን ይህን ደመና ከሚመስል የሐር ሽመና ጋር ያመሳስሉታል። ቦዬ ይህን ጥለት ከየትም አያመጣውም። ለዚህ ነው ሻጩ ቢላዋ የሚፈራው።

ደግሞ ጥሬውን የሚያኝኩ ደፋሮች አሉ። ጥሬው ሆድ ያስቀምጣል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው በጥቁር አኩሪ አተር ጭማቂ ተቀቅሎ የጠቆረው ነው። እሱም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ የብሪታንያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 አስጠንቅቋል፣ የቻይናውም በ2014 መጠኑን ወስኗል። ይህ እኛንም ይመለከታል። ቅቤ የምናነጥርበትና ለደም ብዛት እያፈላን የምንጠጣው መቅመቆ የሄሾውዉ ዘመድ ነው፤ ኢሞዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ሥሮች ውስጥ አለ። «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ።

ለስጦታ ከሆነ ሥሩን ተዉትና በአቅራቢያው ካለችው ከፌይቼንግ የሚመጣውን የኮክ እንጨት ጎራዴ ግዙ። ፌይቼንግ በኮኳ የታወቀች ናት፤ የኮክ እንጨት ክፉ መንፈስ ያርቃል ስለሚባል ጎራዴው በር ላይ ይሰቀላል። አምስት የቻይና ፊደል የተቀረጸበት «የታይሻን ሺጋንዳንግ» ድንጋይም ለዚሁ አለ፤ ቦታው መንገድ ፊት ለፊት በሚመጣበት የቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ የወረቀት መጫኛ የሚያደርጉት ሰዎች ያናድዱኛል።

ሄሾውዉን የግድ ካላችሁ ከተማው ካለ የመድኃኒት መደብር ተከትፎ የደረቀውን ግዙ፣ ክቦቹንም በዓይናችሁ እዩ። ጉበቱን የሚያመው ሰው ግን ጭራሽ አይንካው።