ደረት ሲመታ ልብ ምን ይሆናል?

ከመኪና ግጭት በኋላ ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፦ «መሪው ደረቴን መታኝ እንጂ ሌላው ደህና ነኝ።» ደም አልፈሰሰም፣ የተሰበረ አጥንት አይታይም፤ ሰውየው ቆሞ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ይከራከራል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ግን ይህን ሲሰማ በዋዛ አያልፈውም። ልብ ያለው ከፊት በደረት አጥንት፣ ከኋላ በአከርካሪ ተከብቦ ነው። መሪው ደረትን ወደ ውስጥ ሲገፋው በሁለቱ መሐል ይጨመቃል። ለደረት አጥንቱ የሚቀርበው የቀኙ የታችኛው ክፍል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነው። ከሕንፃ ርብራብ ላይ የወደቀ ወይም በቅሎ ደረቱን የረገጠችው ሰውም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደለም።

ከጉዳቶቹ የቀለለው የልብ ጡንቻ መበለዝ ነው፤ ክንዳችን ሲመታ እንደሚበልዘው። ክንድን ግን አንጠልጥሎ ማሳረፍ ይቻላል፣ ልብ እረፍት የለውም። የበለዘው ቦታ የልብን ምት ሊያዛባ፣ ጉልበቱንም ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ የከፋው በልብ ውስጥ ያሉት በሮች ወይም ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ሲቀደድ ነው። የውጭ ግድግዳው የፈነዳበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ቤት አይደርስም።

አንዳንዴ ደሙ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከረጢቱ ቶሎ የሚለጠጥ ስላልሆነ፣ በፍጥነት ከገባ 200 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ደም እንኳ ልቡን አፍኖ ሊገድል ይችላል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥሮች ይወጣጠራሉ፣ የልብ ድምፅ በማዳመጫ ሲሰማ ይደክማል። እነዚህን ሦስት ምልክቶች አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ክላውድ ቤክ በ1935 እ.ኤ.አ. ጽፏቸዋል። በመጽሐፍ ላይ አብረው ይመጣሉ፤ ሌላ ቦታም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ግን የአንገቱ ደም ሥር ላይወጣጠር ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ ሌላ ዓይነት አለ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ የ24 ዓመቱ የቡፋሎ ቢልስ ተከላካይ ዳማር ሃምሊን ተጋጣሚውን ጣለ፣ ብድግ አለ፣ ወዲያው በጀርባው ተዘረረ። ልቡ ቆሞ ነበር። እንዲህ ባለው አደጋ ልቡ አይበልዝም፣ አይቀደድምም። ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለሚቀጥለው በኤሌክትሪክ የሚዘጋጅባት፣ ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ የምትቆይ ቅጽበት አለች። ደረት ላይ የሚያርፈው ምት ልክ በዚያች ቅጽበት ከመጣ ልብ መርጨቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። የቤዝቦል ኳስም ይበቃዋል። በብዛት የሚያገኘው ደረታቸው ገና ያልጠነከረ ወንድ ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ሃምሊን የተረፈው እዚያው ሜዳው ላይ ደረቱ ስለተጫነና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ ቅርብ ስለነበረ ነው፤ በዚያው ዓመት ወደ ጨዋታ ተመልሷል።

መሣሪያው በየሰፈራችን ሜዳ የለም፤ እጅ ግን አለ። ደረቱ ተመትቶ የወደቀ ሰው ካልነቃና በወጉ ካልተነፈሰ፣ አንዱ ወደ አምቡላንስ ጥሪ 907 ይደውል፣ ሌላው የደረቱን መሐል በሁለት እጁ ደራርቦ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። «የጎድን አጥንቱን ብሰብርበትስ?» የሚል ፍርሃት ብዙ ሰው እጁን ያስሰበስበዋል። ጎድን ይጠገናል።

እየተራመደ ለመጣው ሰው ደግሞ ትልቁ ወጥመድ ራጅ ነው። «ራጅ ተነሥቼ ነፃ ነህ ተብያለሁ» ይላል። ራጅ አጥንትንና ሳንባን እንጂ የበለዘ የልብ ጡንቻን አያሳይም። ልብን የሚመለከቱት የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂ እና ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ናቸው። ሁለቱም ጤናማ ከሆኑ ከባድ የልብ ጉዳት የለም ለማለት ይቻላል፤ አንዱ ከተዛባ ተኝቶ የልብ ምቱን መከታተል፣ ግፊቱ ከወረደ ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ወጌሻ ጋ ሄዶ ደረትን መታሸት ጨርሶ አይመከርም፤ የተሰበረ አጥንት ከሥር ሊኖር ይችላል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ደረቴን ያመኛል» ብቻ ብሎ መተው ብዙ ያስቀራል። በምን እንደተመቱ፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ቀበቶ ታስሮ እንደነበር፣ ራስዎን ስተው ከነበረ እሱንም ይንገሩ። ቤት ከገቡ በኋላም ልብ ያለ ሥራ ቢመታ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ቢያዞርዎ፣ ቀናት ቢያልፉም ተመልሰው ይሂዱ።