ሕግ ደንጋጊው ከልብ ሐኪም ዘንድ ሲውል

አባቶቻችን «በሬ ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያሉ የሚተርቱት፥ ነገሩ ከተደረገበት ስፍራ ሳይደርስ ፍሬውን ለመሰብሰብ የሚቻኰለውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ይህ ተረት ከሁሉ ይልቅ የሚነካው፥ በሐኪም ቤት አንድ ቀን ሳይውል ስለ ሐኪም ቤት ደንብ የሚጽፈውን ሹም ይመስለናል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ይህን ጕድለት ለማረም የተያዘ አንድ መልካም ልማድ አለ። በ1949 (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ፥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችንና ጸሐፊዎቻቸውን ወደ ሐኪሞቹ የሥራ ስፍራ ይጠራል። እንግዳው ከሐኪሙ በስተኋላ ሆኖ፥ ሕመምተኛው ሲፈቅድለት ብቻ፥ የሚደረገውን ይመለከታል። ሐኪሞችም ራሳቸው ጥበባቸውን የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ተከትሎ ካልጋ ወደ አልጋ ሳይዞር ሐኪም የሆነ ማንም የለም።

ከዚህ በቀር፥ ባለሥልጣን የልብን ሕክምና በቅርብ የሚያውቀው ሲታመም ነው። በ1955 በሐምሌ ወር የምክር ቤቱ ሰው ሊንደን ጆንሰን፥ በመስከረም ወር ደግሞ ፕሬዚዳንቱ አይዘንሃወር በልብ ሕመም ወደቁ። ሁለቱም ድነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ጆንሰንም ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1965 ለሽማግሌዎች የሕክምና ዋስትና የሚሰጠውን ሕግ ፈረመ። ነገር ግን ሹማምንት ሁሉ እስኪታመሙ ድረስ ሕዝብ ይጠብቅ ማለት የማይገባ ነው።

እንግዲህ እንግዳው ከሐኪሙ ዘንድ ሲውል የሚያየው ምንድር ነው? በመጀመሪያ የሚያየው ጊዜን ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ድንገት በረጋ ደም ሲደፈን፥ ከዚያ ሥር የሚመገበው የልብ ሥጋ ደቂቃ ባለፈ መጠን እየሞተ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከታወቀ ቈይቷል። አንድሬያስ ግሩንትዚግ የተባለው ሐኪም በ1977 በዙሪክ ከተማ፥ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አሳልፎ በጫፉ ያለችውን ትንሽ ፊኛ በመንፋት የጠበበውን የልብ የደም ሥር ከፈተ፤ ይኸው ጥበብ ኋላ ለድንገተኛው ሕመም ዋና መድኃኒት ሆነ። በአሜሪካም ሕመምተኛው ከሆስፒታሉ በር ከገባ በኋላ በ90 ደቂቃ ውስጥ ፊኛው ይነፋ የሚል መመሪያ ወጣ። መመሪያው ተጽፎ ሳለ፥ በ2005 የሕሙማኑ የቈይታ ጊዜ በመካከለኛ ቍጥር 96 ደቂቃ ነበረ፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የተደረሰላቸውም ከ100ው 44ቱ ብቻ ነበሩ።

ደቂቃዎቹ የት ይጠፉ እንደ ነበረ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ማንም ሊያውቀው አልቻለም። በዚያን ጊዜ በየል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኤልሳቤጥ ብራድሊና ሃርላን ክሩምሆልዝ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፥ በፍጥነታቸው ወደ ተመሰገኑ 11 ሆስፒታሎች ራሳቸው ሄደው ሠራተኛውን ጠየቁ፤ ከዚያም የ365 ሆስፒታሎችን አሠራር መርምረው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። የተገኘው ውድ መኪና ወይም አዲስ መድኃኒት አልነበረም። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የልብ ሐኪሙን ሳይጠብቅ ቡድኑን እንዲጠራ ቢፈቀድለት 8 ደቂቃ ያህል ይተርፋል። አያሌ ስልክ መደወል ቀርቶ በአንድ ጥሪ ሁሉም ቢሰማ 14 ደቂቃ ያህል ይተርፋል። የተጠሩት ሠራተኞች በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርሱ ቢደረግ 19 ደቂቃ ያህል ይተርፋል። በዚያው ዓመት የልብ ሐኪሞቹ ኮሌጅ ይህን አሠራር በአገሩ ሁሉ ለማስፋፋት ዘመቻ ጀመረ፤ በ2010 መካከለኛው ቈይታ ወደ 64 ደቂቃ ወረደ፥ በጊዜው የተደረሰላቸውም ከ100ው 91 ሆኑ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። በዚያ አገር ሐኪሙ ለሕመምተኛው የልብ ምርመራ ካዘዘ በኋላ፥ ገንዘቡን የሚከፍለው የዋስትና ኩባንያ አስቀድሞ ይፍቀድ ተብሎ ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ይጻፋል፥ ስልክም ይደወላል። የማታው ሰዓት ሲደርስ ሐኪሙ ከሕመምተኛ ፊት ተነሥቶ ከመዝገብ ፊት ይቀመጣል። እንግዳው በዚህ ጊዜ ተሰናብቶ ቢሄድ ዋናውን አላየም ማለት ነው።

ስለ እውነት ከሆነ ግን ጋባዡም ጕዳይ አለው። ሐኪሙ እንደራሴውን የሚጠራው ስለ ሕሙማን ብቻ ሳይሆን ስለ ደመወዙም ይሆናል፤ መንግሥት ለሕክምና የሚከፍለውን ዋጋ የሚወስነው ያው ምክር ቤት ነውና። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን እንግዳው አውቆት ይግባ። ደግሞም ከአጃቢ ጋራ የሚደረግ ጕብኝት፥ ወለሉ የታጠበበትና አልጋው የተነጠፈበት፥ ጕብኝት እንጂ መዋል አይባልም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። በአገራችን የልብን ሐኪም ተከትሎ የሚውል ሹም፥ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ቢገባ፥ የሚያገኛቸው በብዙው ወጣቶችና ሕፃናት ናቸው። ከነዚህም አያሌዎቹ የልባቸው በሮች የተበላሹት በልጅነት ከያዛቸው የጕሮሮ ሕመም የተነሣ ነው። ተሐዋስያኑ ጕሮሮን ሲይዙ፥ ሰውነት ሊዋጋቸው ያሰናዳው ኃይል ተመልሶ የገዛ ልቡን ይጐዳል። የጕሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ይህ ባልመጣ ነበረ፤ ልቡ የተነካውም ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ቢወጋ ሕመሙ እንዳይብስ ይጠበቃል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 ስለዚህ ደዌ ውሳኔ ያወጣው፥ የድኾች አገሮች ልጆች በርካሽ መድኃኒት ሊድኑ ሲችሉ ስለሚሞቱ ነው።

የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ብቻ አይቶ የተመለሰ ሹም፥ ልቡ ተነክቶ መሣሪያ ይገዛ ዘንድ ያዝዛል። መሣሪያውም ያስፈልጋል፤ በሩ የተበላሸበትን ልጅ ፔኒሲሊን አይጠግነውምና። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚታየው የሕመሙ ፍጻሜ ነው፤ መጀመሪያው ያለው ከዚያ ሩቅ በሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ለእንግዳው ሁለተኛ ቀን ይጨመርለት፤ በዚያ ጤና ጣቢያ መርፌውን የምትወጋውን ነርስ ተከትሎ ይዋል። ፔኒሲሊኑ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይኑ ይይ፤ እርሷም መዝገቡን ገልጣ፥ ቀጠሮው ደርሶ ያልመጣውን ልጅ ስም፥ መንደሩም ምን ያህል ሰዓት እንደሚያስኬድ ታሳየው።