የልደታ ንፍሮ ለማን ይደርሳል?

ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር፣ ጎረቤት አዋጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎና ዳቦ ቆርሶ ከደጅ በአንድነት ይቀመጣል፤ በሊባኖስ ተራራ መወለዷን ያስባልና። የመዋጮ ሰብሳቢ ዋና ሙያው ገንዘብ መቁጠር አይደለም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን የሚላስ የሚቀመስ እንዳጣ ማወቅ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀብር ከማስፈጸም አልፈው በኤድስ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የደረሱት በዚሁ ዕውቀት ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ጎረቤት ሲበተን፣ ዕውቀቱም አብሮ ተበተነ። በአራተኛ ፎቅ ከተዘጋ በር ኋላ ያሉትን አረጋዊት እናት ዛሬ ማን ያውቃቸዋል? ውድ ምእመናን፣ ንፍሮው በሕንፃዎቹ ግቢ ሲጣድ ሰብሳቢዎቹ ደረጃውን ወጥተው በየበሩ ያንኳኩ፤ መዋጮ ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ መውረድ ለተሳነው ድርሻውን በሳሕን ለማድረስ።