ማረሻ ለምን ይጎብጣል፣ ለምንስ ይሰበራል?

ከሚሴ፦ በጨፋ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ዝናብ ሲያርፍ ገበሬው የሚያገኛቸው ምቹ የእርሻ ቀናት የተቆጠሩ ናቸው። በእነዚያ ቀናት ማረሻው ድንጋይ መትቶ ከተሰበረ ጥማድ በሬው ቆሞ ይውላል፤ የአፈሩ እርጥበት ግን አይጠብቅም። ከአንድ ባሌስትራ ከተሠሩ ሁለት ማረሻዎች አንዱ ጎብጦ፣ ሌላው ለሁለት ተሰብሮ ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ብረቱ ከእሳት ወጥቶ የቀዘቀዘበት መንገድ ነው።

ብረት አተሞች ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። አተሞቹ በመስመር እንደተዘራ ማሽላ ተሰልፈው ይቆማሉ። ኃይል ሲያርፍባቸው አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ብረቱም ሳይሰበር ይጎብጣል። የቤት መሥሪያ ፌሮ ታጥፎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪና ባሌስትራ ግን ከፌሮ የበለጠ፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ፣ ካርቦን አለው። ካርቦኑ በማሳ ውስጥ እንዳለ ጉቶ መንሸራተቱን ያግዳል። አሮጌ ባሌስትራ ለማረሻ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው።

ባሌስትራው በወናፍ ግሎ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ በድንገት ውኃ ውስጥ ቢነከር፣ ካርቦኑ ከረድፎቹ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ በታሰረበት ይቀራል። ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን በውስጡ ውጥረት ስለታመቀበት ድንጋይ ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ዳግመኛ በለዘብታ ማሞቅ ነው። ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት የተወለወለው ገጽ አስቀድሞ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ በገፋ መጠን ጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል፤ ውጥረቱም ይረግባል። የሠለጠነ ቀጥቃጭ ጫፉን ብቻ ነክሮ ያወጣና፣ ከኋለኛው ክፍል የሚመለሰው ሙቀት ይህን ሥራ እንዲፈጽምለት ያደርጋል። ቴርሞሜትር በሌለበት ዓይን ይህን ያህል መለካቱን እኔ በግብርና ኮሌጅ አልተማርሁም።

በፍጥነት ማቀዝቀዝ እስከ ጥጉ ቢገፋስ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ የወርቅና የሲሊከን ቅልጥን በሴኮንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ በሆነ ፍጥነት አቀዘቀዙ። አተሞቹ ለመሰለፍ ጊዜ ስላጡ በብተና እንደተዘራ ጤፍ እንደተበታተኑ ረጉ። ይህ መስታወታማ ብረት ይባላል። ረድፍ ስለሌለው መንሸራተቻ መንገድ የለውም፤ እስከ 2 በመቶ ገደማ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ሲያልፍ ግን ኃይሉ ሁሉ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ በሚቀጥን አንድ ሰርጥ ላይ ይከማችና ብረቱ በቅጽበት ሊበጠስ ይችላል።

ተወጥሮ የታሰረ ምራን ውሎ አድሮ እንደሚላላ ሁሉ፣ ታጥፎ የተያዘና ጥቂት የሞቀ መስታወታማ ብረትም ውጥረቱን ይለቃል፤ አተሞቹ ቀስ በቀስ ቦታ እየለወጡ ይጠጋጋሉ። የሚያስደንቀው ከማረሻው ጋር ያለው ተቃርኖ ነው። ለዘብተኛው ሙቀት ማረሻውን ከመሰበር ሲያድነው፣ መስታወታማውን ብረት ግን ይበልጥ ተሰባሪ ያደርገዋል። በአንዳንድ አገሮች ከብረት፣ ከቦሮንና ከሲሊከን የተሠራ፣ ከፀጉር የሳሳ የዚህ ብረት ጥቅል የኃይል ብክነትን ለመቀነስ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ውስጥ ያገለግላል። አምራቾቹ ውጥረቱን ለማርገብ ያሞቁታል፤ ከዚያ በኋላ ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ይሰባበራል።

ወደ ማረሻችን ስንመለስ፣ የደነዘው ጫፍ ለመሳል እንደገና እሳት ገብቶ በተቀጠቀጠ ቁጥር የቀድሞው አነካከር ይጠፋል፤ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ገበሬው ማረሻውን ሲያስረክብ ያለፈው ጎብጦ እንደነበር ወይስ ሳይጎብጥ እንደተሰበረ ለቀጥቃጩ ቢነግር መልካም ነው። የጎበጠ ከሆነ ጠንከር ያለ ንክር ይሻል፤ ሳይጎብጥ የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ እስኪጠጋ መሞቅ ይኖርበታል።