የዱከም ሚዛን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሮጌው አውራ ጎዳና ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለውን ሥጋ ሲያይ ዱከም መድረሱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የናዝሬቱ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ባለመኪናው ሁሉ በዚህች ከተማ በኩል የማለፍ ግዴታ የለበትም። ቢሆንም ጥሬ ሥጋ ያማረው ሰው ዛሬም ዞሮ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በቅርቡ በአንድ እሑድ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ወደ ዱከም የወረደው ለዚሁ ጉዳይ ነበር እንጂ ስለ ኢንተርኔት ለመጻፍ አልነበረም።

ነገሩን ያመጣው ሚዛን ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋው ሥጋ ቆራጭ ከሽንጡም ከሻኛውም ቆርጠው ሚዛኑ ላይ ካኖሩ በኋላ፤ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉና «እዩት» አሉን። «ጋሼ፤ እርስዎን እናምን የለም ወይ?» ብንላቸው፤ «እኔን ማመን ሌላ ነው፤ ሚዛኑን ማየት ሌላ ነው፤ ልጆቼ» ብለው መርፌው እስኪቆም ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ አንባቢም ይህን ሥርዓት በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ በሬው ታርዶ መደብ መደብ ከተደረገ በኋላ ዕጣ የሚጣለው፤ መዳቢው የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ እንዳያውቅ ነው።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ አራት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ሥጋው ቀርቦላቸዋል፤ አዋዜውና ሰናፍጩም ተደርድሯል፤ ነገር ግን አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። ለማዕድ ጸሎት መስሎኝ እኔም ጥቂት ዝም አልሁ። ኋላ ግን ከአንደኛው እጅ የዘፈን ድምፅ ሲወጣ ነገሩ ስልክ መሆኑን ተረዳሁ።

ወጣቶቹ በከተማው አጠገብ ባለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፤ ማለትም ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ በጀመረበት ስፍራ፤ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ናቸው። ወሬ ከጀመርን በኋላ ይህን ትርኢት ለማየት ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቅኋቸው። «ነፃ ነው፤ ጋሼ። የፓኬጁ ብቻ ነው» አለኝ አንደኛው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ለአምስት ደቂቃ ብዬ እከፍተዋለሁ፤ ፈረቃ እያለብኝ ሌሊቱ ይጋመሳል» ሲል ጨመረ።

ይህ «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ነው እንግዲህ ከሥጋ ቤቱ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ የመለሰን። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 ብቻ 164.5 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል፤ ከዚህም ውስጥ ከ160 ቢሊዮን የሚበልጠው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። በዱከምም ሆነ በደሴ ፌስቡክ ከሚያዩት ሰዎች አብዛኞቹ ለኩባንያው አንዲት ሳንቲም አልከፈሉም። ታዲያ የተሸጠው ምንድን ነው? የተሸጠው የተመልካቹ ዓይንና ሰዓት ነው፤ ገዢው አስተዋዋቂው ነው። ቲክቶክም መሠረቱ ከዚህ አይርቅም። ባለቤቱ ባይትዳንስ እ.ኤ.አ. በ2012 በቤይጂንግ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፤ የሥራው ጥበብ ያለው በመመዝገቡ ላይ ነው። አንድ ልጅ አንዱን ፊልም ስንት ሴኮንድ እንዳየው፤ ደግሞ እንዳየው፤ ለጓደኛው እንደ ላከው፤ ወይም ገና ሲጀምር በአውራ ጣቱ ገፍቶ እንዳሳለፈው ይመዘገባል። ልጁ «ይህን እወዳለሁ» ብሎ መናገር አያስፈልገውም፤ ጣቱ ይናገርለታል። የሚቀጥለው ፊልም የሚመረጥለት ጣቱ በተናገረው መሠረት ነው። ስለዚህ ያ ወጣት አምስት ደቂቃ ብሎ ከፍቶ ሌሊቱ ቢጋመስበት፤ ስንፍና ብቻ አድርገን አንቍጠርበት፤ ከማዶ ሆኖ የሚመዝነው አለና።

ሚዛኑ በምን ልክ እንደሚመዝን ደግሞ ለብዙ ጊዜ ከባለቤቶቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፌስቡክ ውስጥ የወጡ ሰነዶች ግን ጥቂቱን ገለጡት። ከ2017 ጀምሮ አንድ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታይ ወይስ አይታይ ተብሎ ሲወሰን፤ ተራው የ«ወደድሁት» ምልክት አንድ ነጥብ ሲያሰጥ፤ በቀይ ፊት የሚታየው የንዴት ምልክት አምስት ነጥብ ያሰጥ ነበር። እርግጥ የልቡና የሣቁ ምልክትም አምስት ነበረ። ይሁን እንጂ ሰውን ማናደድ ከማሣቅ እንደሚቀል ማን ይስተዋል? ንዴት የሚበዛበት ጽሑፍ ሐሰትና ስድብም እንደሚበዛበት የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች በ2019 አረጋገጡ፤ የንዴቱ ነጥብ ወደ ዜሮ የወረደው ግን በ2020 ነው። አንድ የዱከም ልኳንዳ አጥንቱን በአምስት እጥፍ መዝኖ ቢሸጥ፤ በዚያች ከተማ የሚደርስበትን አንባቢ ራሱ ያስበው።

ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞዋ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር፤ ይህ አመዛዘን በጐሣ ስም የሚደረግ ግጭትን የሚያባብስባትን አገር ስትጠቅስ የኢትዮጵያን ስም ጠርታለች። ከሰነዶቹም ውስጥ ኩባንያው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጻፍ የጥላቻ ንግግርን ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ እንዳልነበረው የሚያሳዩ ነበሩ። ዱከም ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚነገሩባት ከተማ ናት።

በዚያው መስከረም ወር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስምና ፎቶግራፍ፤ ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ላይ ወጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አስቀድሞ ማመልከቱን ይናገራል። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ናይሮቢ የተመረጠችውም ለአካባቢያችን የሚወጡት ጽሑፎች ይመረመሩ የነበረው በዚያ ከተማ ስለ ሆነ ነው። ኩባንያው ጥላቻን የሚከለክል ደንብ እንዳለው ገልጾ፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ውሳኔው ስለ ሥልጣን እንጂ ስለ ጥፋተኝነት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ ጥቂት ጸጥ አሉ። ሥጋውም ተረስቶ ጠርዙ መድረቅ ጀምሮ ነበር።

ስልክ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ጸሐፊ ሒሳቡን እንዴት ሊከፍል ነው? እኛም የከፈልነው በቴሌብር ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው በጥርጣሬ ነበር ያየው፤ በ2017 ዓ.ም. ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን መብለጣቸውን ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ሳፋሪኮምም በኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከትሎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለበት ማታ አርሲ ላሉት ወላጆቹ ገንዘብ ሲልክ፤ መኪና ጠብቆ አደራ የሚሰጠው ሰው መፈለጉ ቀርቶለታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአራቱ አንዷ፤ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ፤ ያነሣችው ነገር ግን እንደ ገና ወደ ሚዛኑ መለሰን። «እኔ በስልክ 1500 ብር ተበድሬ የቤት ኪራይ ከፍያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጓደኛዬ ግን ደመወዟ ከኔ እኩል ነው፤ የተፈቀደላት 400 ብር ነው። ለምን እንደ ሆነ አናውቅም» አለች። ያበደራት ማን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ ብድር በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» በሚል ስም ከጀመረው ወዲህ እየተስፋፋ ሄዷል። ልኩ የሚወሰነው የተበዳሪው የስልክና የገንዘብ ዝውውር ታሪክ ተመዝኖ ነው። ድሮ ቢሆን ለአንዲት የፋብሪካ ልጅ ያለ ዋስ ማን ያበድራት ነበር? ይህም እውነት ነው፤ መርፌው የት ላይ እንደ ቆመ አለማየቷም እውነት ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት እዚህ ላይ አንድ ሕግ ታውቁ ዘንድ እንወዳለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተባለው ሕግ፤ አንድ ሰው ስለ ራሱ ምን እንደ ተመዘገበ የማወቅ፤ ስሕተት ካለ የማሳረም፤ በሕግ በተወሰነ ሁኔታም የማስጠፋት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የሚመለከተው ኩባንያን ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤትም መዝጋቢ ነውና፤ ባለጉዳይ መጥቶ «ስለ እኔ የያዛችሁትን አሳዩኝ» ሲል ቀና ብሎ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ከዱከም ተነሥቶ ሜታን ወይም ባይትዳንስን መጠየቅ እንዴት ያለ ዳገት እንደ ሆነ የናይሮቢው ክስ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ያለውን አበዳሪ መጠየቅ ግን የአንድ ማመልከቻ ጉዳይ ነው።

ለልጅቷም ይህንኑ ነገርኋት። «ቁጥሩን ይድገሙልኝ» አለችና 1321 ብላ ስልኳ ላይ ጻፈችው። «ማመልከቻውን በኦሮምኛ ብጽፈው ይቀበሉኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ቢሮው ሰው ይዟልና ጻፊው አልኋት። ለጓደኛዋም በዚያው ቅጽበት መልእክት ላከችላት። ሦስቱ ወንዶች ግን በዚህ መካከል ወደየስልካቸው ተመልሰው ነበር።