ከእግራችን በታች ያሉት ደሴቶች፦ በሸራ ጀልባ ፖሊኔዥያን ማቋረጥ

አዲስ አበባ ላይ ቆመን መሬትን በቀጥታ መብሳት ብንችል፣ በወዲያኛው በኩል የምንወጣው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ከዚያ ቦታ ብዙ ሳይርቅ የማርኬሳስ ደሴቶች ይገኛሉ። ትልቋ ኑኩ ሂቫ ትባላለች። የሰዓት ልዩነታችን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኛ ጠዋት ልጆችን ለትምህርት ቤት ስናሰናዳ እነሱ ገና በትናንትናው ቀን እራት ያቀርባሉ። በዓለም ላይ ከእኛ የሚርቅ ሕዝብ ቢፈለግ ከእነሱ የባሰ አይገኝም። ታሪካቸውን ላነበበ ሰው ግን የማይርቅ ነገር አላቸው።

በሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች ፖሊኔዥያን የሚያቋርጡበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ ከደቡብ አሜሪካ በኩል የሚመጣው ተጓዥ ከጋላፓጎስ ተነስቶ ሦስት ሳምንት ያህል ከውኃና ከሰማይ በቀር ምንም ሳያይ ይጓዝና መጀመሪያ ማርኬሳስ ላይ መሬት ያገኛል። ከዚያ አራት አምስት ቀን ተጉዞ ቱአሞቱ፣ ሁለት ቀን ጨምሮ ታሂቲ ይደርሳል። ወራቱም ይመረጣል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሊነሳ ስለሚችል፣ ብዙዎቹ የሚጓዙት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ደረቅ ወቅት ነው።

ማርኬሳስ፣ ቱአሞቱና ታሂቲ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ አካል ናቸው። ከመቶ የሚበልጡት የዚህ ግዛት ደሴቶች የምዕራብ አውሮፓን ያህል ስፋት ባለው ባሕር ላይ ተበትነዋል። የየብሱ ስፋት ግን ቢደመር 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ ውኃ ነው።

ተራራ የነበረ ቀለበት

ማርኬሳስ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ፣ ሾጣጣ ጫፍና ጥልቅ ሸለቆ ያላቸው ደሴቶች ናቸው። የእኛን የሰሜን ተራሮች ያየ ሰው ቅርጻቸው እንግዳ አይሆንበትም። ቱአሞቱ ሲደርሱ ግን መሬቱ ይጠፋል። ከሩቅ የሚታየው የኮኮናት ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ጠጋ ሲሉ ከባሕሩ ወለል ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ቀጭን የአሸዋና የኮራል ቀለበት ይታያል። በቀለበቱ ውስጥ ጸጥ ያለ ውኃ ተኝቷል። እንዲህ ያለው ደሴት አቶል ይባላል።

እንዴት ተፈጠረ? መልሱን ቀድሞ ያገኘው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ታሂቲን ጎብኝቶ የነበረው ዳርዊን፣ በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ሲል አስረዳ፦ መጀመሪያ ከባሕር የወጣ እሳተ ገሞራ ነበር። በዳርቻው ኮራል በቀለ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ሞቅ ያለ ውኃና ፀሐይ ይፈልጋል፤ የኖራ ቤቱን በላይ በላዩ ይሠራል። ተራራው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲሰምጥ ኮራሉ ፀሐይ እንዳይርቀው ወደ ላይ ማደጉን አላቆመም። በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ቀረ። ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ1952 በማርሻል ደሴቶች ኤነወታክ አቶል ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ከ1,200 ሜትር በላይ ኮራል ካለፈ በኋላ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ተገኘ። ዳርዊን ትክክል ነበር።

ከቱአሞቱ ትልቁ አቶል ራንጊሮአ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ብቻ የጣናን ግማሽ ያህላል፤ የታሂቲ ደሴት ሙሉዋን ብትገባበት ቦታ ይተርፋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ኮራሉ በተከፈተባቸው ጠባብ በሮች በኩል ነው። ማዕበል ሲሞላና ሲጎድል ውኃው በእነዚህ በሮች እንደ ወንዝ ይጎርፋል። ልምድ ያለው መርከበኛ ጎርፉ ጋብ የሚልበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ አንድ ሰው ጀልባው ጫፍ ላይ አቁሞ ይገባል። ውኃው በቀለሙ ይነበባል፦ ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው፤ ፈካ ያለው አሸዋ ነው፤ ቡናማው ጀልባ የሚሰብር ኮራል ነው።

ያለ ካርታ የተገኘ አገር

ከታሂቲ ወደ ምዕራብ የአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ራያቴያ አለች። በዚያ የሚገኘው ታፑታፑአቴያ የተባለው የጥንት የአምልኮና የመሰብሰቢያ ስፍራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቱፓያ የተባለው አዋቂ የተወለደው በዚህች ደሴት ነው። በ1769 ከእንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ጋር መርከብ ሲሳፈር፣ ብዙ ደሴቶች ያሉበትን ካርታ ከራሱ እውቀት አውጥቶ እንዲሣል አድርጓል። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። በ1770 ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ላይ በበሽታ ሞተ።

አውሮፓውያን ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ፖሊኔዥያውያን ሃዋይን፣ ኒውዚላንድንና የፋሲካ ደሴትን አግኝተው ሰፍረውባቸዋል። ኮምፓስ አልነበራቸውም። መንገዳቸው የከዋክብት መውጫና መግቢያ፣ የማዕበል አመጣጥ፣ የወፎች በረራ ነበር። እንዲያው በአጋጣሚ ነፋስ ወስዷቸው ነው የሚሉ ምሁራን ነበሩ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለች በጥንቱ ጀልባ አምሳል የተሠራች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ፣ ማው ፒያይሉግ በተባለ የማይክሮኔዥያ አዋቂ መሪነት ያለ አንዳች መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ ገባች። ጉዞው አንድ ወር ገደማ ፈጀ። ፓፔቴ ወደብ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላት።

በጀልባ ላይ ጤናን መጠበቅ

በአቶሎቹ ላይ ሆስፒታል የለም። ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከባድ ሕመምተኛ በአውሮፕላን ወደ ታሂቲ ይወሰዳል። ስለዚህ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጉዞው ቀናት የሚበልጥ መድኃኒት በሁለት ቦታ ከፍሎ መያዝ አለበት።

የባሕር ማቅለሽለሽ ማንንም አይምርም። መድኃኒቱ የሚዋጠው ከመሳፈር በፊት እንጂ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ጀልባው ውስጥ ከመተኛት ውጭ ተቀምጦ አድማሱን መመልከት ይረዳል። ዝንጅብልም ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ኮራል የቧጨረው ቁስል ትንሽ ቢመስልም መናቅ የለበትም። ስብርባሪው ውስጥ ይቀርና ያመረቅዛል። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ደህና አድርጎ ማጠብ፣ የቀረ ነገር ካለ ማውጣት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መወሰዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚገርመው የዓሣው ነገር ነው። በኮራል አካባቢ የሚኖሩ ዓሦች አንዳንዴ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ይይዛሉ። መርዙ የሚመነጨው በዓይን ከማትታይ ሕያው ነገር ሲሆን፣ ስሟም የወጣላት ከዚያው አገር ከጋምቢየር ደሴቶች ነው። ትንሹ ዓሣ ይበላታል፤ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። ሽታም ጣዕምም የለውም። የበላው ሰው ያስቀምጠዋል፤ ከንፈሩና ጣቱ ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የተቃጠለ ይመስለዋል። መፍትሔው የአካባቢውን ሰው ጠይቆ መብላት ነው። አንዱ በር ላይ የተያዘው ዓሣ ደህና ሲሆን የሌላው በር ሊመርዝ ይችላል፤ ይህን የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው። ከጥልቁ ባሕር የሚያዘው ቱና ግን ከዚህ መርዝ ነፃ ነው። በሎሚና በኮኮናት ወተት ተለውሶ ጥሬውን ይቀርባል። ክትፎ ለለመደ ሰው ብዙ አያስደነግጥም።

መርከብ ይዞት የሚመጣው

በባሕር የተከበበ ሕዝብ ሁሉን ነገር የሚያገኘው በመርከብ ነው፤ ዱቄቱንም፣ መድኃኒቱንም፣ በሽታውንም። ማርኬሳስ በአንድ ወቅት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነበራት። በ1920ዎቹ የቀረው 2,000 ሰው ገደማ ነበር። ፈንጣጣና ሳምባ ነቀርሳን የመሰሉ፣ ሰውነታቸው የማያውቃቸው በሽታዎች ጨረሷቸው። ዛሬ ጀልባዎች መልሕቅ ከሚጥሉባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ዛፍ የዋጣቸው የቤት መሠረቶች ይታያሉ።

የሳሞአ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1918) ታሉን የተባለች መርከብ ሕመምተኞችን ይዛ ከኒውዚላንድ አፒያ ወደብ ገባች። የሚያስቆማት አልነበረም። በሁለት ወር ውስጥ ከምዕራብ ሳሞአ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ፣ 8,500 ሰው ገደማ፣ በኢንፍሉዌንዛ አለቀ። በአጎራባቿ የአሜሪካ ሳሞአ ግን ገዢው ጆን ፖየር መርከብ ሁሉ ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘ። ነዋሪዎቹም ዳርቻውን ጠበቁ። በዚያ በኢንፍሉዌንዛው የሞተ ሰው አልተመዘገበም። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ባሕር፤ ልዩነቱ ወደቡ ላይ የተሰጠ ትእዛዝ ብቻ ነበር።

በዚያው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። «የኅዳር በሽታ» የምንለው ያው ራሱ ነው። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ነው። ከምድር ወዲያና ወዲህ ያለን ሁለት ሕዝቦች በአንድ ወር አንድ በሽታ ቀብረናል።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2018 ሳሞአ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ክትባት ከተሰጣቸው በኋላ ሞቱ። ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም፤ መበጥበጫው ውኃ መሆን ሲገባው ሌላ መድኃኒት ተቀላቅሎበት ነው። ሕዝቡ ግን ፈራ፤ ክትባቱም ለወራት ተቋረጠ። የአንደኛውን ዙር የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ከሦስት አንድ ገደማ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ኩፍኝ ገባና 83 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። መንግሥት አገሩን ለሁለት ቀን ዘጋ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ታዘዘ፤ ነርሶች ቤት ለቤት ዞሩ። የክትባት ሣጥን አንግቦ ገጠር ለገጠር የዞረ የጤና ባለሙያ ሁሉ ይህን ሲሰማ ሁለት ነገር ያስባል፤ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያድን፣ የእናቶች አመኔታ አንዴ ከጠፋ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል።

ቀለበቱ እስከ መቼ?

እነዚህን ደሴቶች ሩቅ መሆናቸው ከሌላም መከራ አላዳናቸውም። ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሰሃራ ታደርገው የነበረውን የኑክሌር ሙከራ ወደዚህ አዛውራ፣ ከ1966 እስከ 1996 በሞሩሮአና በፋንጋታውፋ አቶሎች 193 ሙከራ አካሂዳለች። የመጀመሪያዎቹ በአየር ላይ የተፈነዱ ነበሩ። ለተጎጂዎች ካሳ የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ2010 ነው፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አላለቀም።

አሁን ደግሞ ባሕሩ እየሞቀና ከፍ እያለ ነው። ውኃው ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። ባሕሩ ከፍ ሲል ጨው ከአሸዋው በታች ወዳለው ስስ የመጠጥ ውኃ ይገባል። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የነገ ወሬ ሳይሆን የውኃ ጉድጓዱ ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አንድ ቀን ወደዚያ የሚሄድ ይኖር ይሆናል። ለሚሄድ ሰው ምክሩ አጭር ነው። መልሕቅ አሸዋ ላይ እንጂ ኮራል ላይ አይጣል። የዝናብ ውኃቸውን እንደ ራስ ይቆጥቡ። ዓሣ ከመብላት በፊት ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት የክትባት ካርድዎን፣ በተለይም የኩፍኙን፣ አውጥተው ይመልከቱ። ትኩሳት ካለብዎም ጉዞውን ያቆዩት። ባሕሩ የትም አይሄድም።