ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

የስፖርት መኪናውን በገዛ እጁ የሚያሻሽል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ይጀምራል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። የሞተሩን አቅም ጨምሬ፣ አዲስ የፍሬን ሸራም ገጥሜ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ፤ በማርሽና በእጅ ፍሬን ለጥቂት ተረፍሁ። የፍሬኑን ዘይት ግን ለዓመታት አልቀየርሁትም ነበር።

የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚሮጥን መኪና ለማቆም ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት፣ በ100 ከሚሮጠው እጥፍ ገደማ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲቀላቀለው ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዘይት እምብዛም አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ ዘይቱ ከፈላ የእግራችን ግፊት እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል እንጂ ከሸራው አይደርስም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ከቧንቧው አየሩን ማስወጣት፣ ተከፍቶ የቆየ ዘይት አለመጠቀም። የሞተሩ ተራ ከዚህ በኋላ ይምጣ።